ቃሬዛው ሙዚየም የገባበት ዘመን

ሰኔ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ፍኖተ ሰላም

ይህን ደብተር ዛሬ ከገበያ ገዛሁት። መስመሩ የደበዘዘ ነው። ባለሱቁን ደመቅ ያለ እንዲያወጣልኝ ብጠይቀው፣ «እማማ፣ ሁሉም ከአንድ ፋብሪካ ነው የወጣው» አለኝ። በእኔ ጊዜ የደብተር መስመር ሰማያዊ ነበር፤ ከሩቅ ይታይ ነበር።

የምጽፈው ሐኪሟ የተናገረችውን እንዳለ ለማስቀመጥ ነው፤ በኋላ ሰው እንዳያጋንነው። ቀኝ ዓይኔ አብቅቶለታል አለች። ግራው ውስጥ ግፊት አለ። ጠብታ ለጊዜው ይይዘዋል፤ ክረምቱ ሳይወጣ ባሕር ዳር ሄጄ ኦፕራሲዮን ካልሆንኩ ግን እሱም ቀኙን ይከተላል። «ሞራ ቢሆን እንገፈው ነበር፤ ይህኛው የወሰደውን አይመልስም» አለች። ወጣት ናት። ወጣት ሐኪሞች ማስፈራራት ይወዳሉ።

ለማንኛውም መንገዱ ዝግ ነው። የወንድሜ ልጅ አንዷለም ከዚህ ባሕር ዳር አውቶቡስ ይነዳል፤ አሁን አውቶቡሱን ግቢዬ ውስጥ አቁሞ ጠዋት ጠዋት ያጥበዋል። የትም ያልሄደ አውቶቡስ ምን ያቆሽሸዋል ብለው፣ «አክስቴ፣ እኔም የትም አልሄድኩም፤ ፊቴን ግን እታጠባለሁ» አለኝ።

ሰኔ 22

ኔትወርክ የለም። መብራት መጥቶ ሄደ። ዝናብ።

ጠብታውን ጠዋት አደረግሁ። የመጀመሪያው ጉንጬ ላይ ወረደ፤ ሁለተኛውም። የጠርሙሱ አፍ ሲሠራ ተንጋዷል።

ሰኔ 28

ላቀው ሞተ። እኔ ባስተማርኩበት ትምህርት ቤት ዘበኛና ደወል ደዋይ ነበር፤ ኋላ ደግሞ የሚኒ ሚዲያውን ድምፅ ማጉያ የሚይዘው እሱ ሆነ። በእንቅልፉ ነው የሄደው። «ታድሎ» አሉ ለቀስተኞቹ። በዚህ ክረምት በእንቅልፉ የሞተ ሰው እንደ ተሾመ ነው የሚቆጠረው።

ከቀብር መልስ ሚስቱ እህተ ማርያም እጄን ይዛ፣ «እትዬ ባንቺአየሁ፣ ያችን የወደፊቷን ታሪክ ያንብቡልኝ። በማጉያው ያነበባትን። ሁልጊዜ ያነሳት ነበር» አለችኝ። ለቅሶ ቤት የሳይንስ ልቦለድ ይነበባል ወይ ብዬ ለማሰብ ጊዜ አልሰጠችኝም። እሺ አልኩ።

ሰኔ 29

ከሣጥኑ አወጣኋቸው። ታሪኳ አንድ ናት፤ ሦስት ጊዜ ጽፌያታለሁ።

መጀመሪያ በ1962 ዓ.ም.፣ ደብረ ማርቆስ ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። የአማርኛ መምህራችን መምህር ወንዳወቅ «አገሬ ከሃምሳ ዓመት በኋላ» የሚል ድርሰት አዘዙን። ሲያስተምሩ ማስመሪያ ከእጃቸው አይለይም ነበር፤ ማስመሪያው ለመስመር ብቻ አልነበረም። እንዲህ አሉን፦ «ስለ ነገ የምትጽፉ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠፋውን ዕቃ ፈልጉ። የሚመጣውንማ ማንም ይቀባጥራል።»

እኔ ቃሬዛን መረጥኩ። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት እናቴን ከጅጋ በላይ ካለው መንደራችን በቃሬዛ አውጥተዋት ነበር፤ ፍኖተ ሰላም ሳትደርስ መንገድ ላይ ቀረች። ይህን በድርሰቱ ውስጥ አልጻፍኩትም። አልተጠየቅሁም።

ስለዚህ በእኔ 2012 ዓ.ም. ፍኖተ ሰላም ላይ ሙዚየም አለ። ሙዚየሙ ውስጥ፣ ከመስተዋት በታች፣ አንድ ቃሬዛ ተቀምጧል። ተማሪዎች ከብበውት ምን እንደሆነ ሊገምቱ ይሞክራሉ። አንዱ መሰላል ነው ይላል፤ ሌላው እግሩ የወለቀ አልጋ ነው ይላል። ያወቀ የለም። መምህር ወንዳወቅ ከዘጠና በላይ ሰጡኝ። ለሴት ልጅ ከዘጠና በላይ ሰጥተው አያውቁም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ታሪኳን ዘመን ሲለወጥ አድሻታለሁ፤ ቃሬዛውን ግን ከሙዚየም አውጥቼው አላውቅም።

ሰኔ 30

ሣልስት። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ፍራሽ ላይ ተቀምጧል፤ ስልክ ስለማይሠራ ሁሉም ቀና ብሏል። እንዲህ ያለ ለቅሶ ቤት ካየሁ ቆይቻለሁ።

የ1962ቱን አነበብኩ። ደብተሩን በደንብ ስለማውቀው አልተቸገርኩም። በዚያ 2012 የሚያርሰው የብረት በሬ ነው። እያንዳንዱ ቤት በር የሚያህል ስልክ አለው፤ የደዋዩ ፊት ይታይበታል። ልብስና እህል በማሽን ይታደላል።

«በሬው ምን ይበላል?» አለኝ ቢሆነኝ። ቢሆነኝ የላቀው ታናሽ ወንድምና የእድራችን ዳኛ ነው።

«ነዳጅ» አልኩት።

«ነዳጅ የት አለ?»

«በ2012 አለ።»

«በ2012ማ ነበር» አለ። ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ።

ፊት የሚያሳየውን ስልክ በተመለከተ አንዲት ሴት፣ «እሱስ መጥቶልን ነበር» አለች። ሌላዋ «መጥቶ ሄደ» አለቻት።

የሟች ንስሐ አባት ስለ በሬው ሌላ ጥያቄ ነበራቸው። የብረት በሬው የሚካኤል ዕለት ያርሳል ወይስ አያርስም? አያርስም አልኳቸው። በታሪኩ ውስጥ ወሩ በገባ በአሥራ ሁለት በሬው ከራሱ ወገብ ላይ ጠቅ የሚል ድምፅ ያሰማና ይቆማል፤ እስከ ማግስቱ የሚያስነሳው የለም። የማርያምም፣ የጊዮርጊስም እንደዚሁ። በዚያን ጊዜ ሌላ ዓይነት በሬ ማሰብ አልችልም ነበር። ቄሱ ትንሽ አሰቡና፣ «አንዳንዱን ምእመን በዚህ ብረት የሚለውጠኝ ባገኘሁ» አሉ።

ናዚፋም አስተያየት ሰጠች። ናዚፋ ጎረቤቴ ናት፤ ገበያው ዳር ጨርቅ ትሸጣለች። መሠረተ ትምህርት ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

«እትዬ ባንቺ፣ በዚያ ዘመን ገበያ የለም?»

«ሁሉም ይታደላል አልኩሽ።»

«ጨርቁንስ ማን ሸጠው?»

«አይሸጥም።»

«ታዲያ እኔ የት ሄድኩ?»

ወደሚቀጥለው ገጽ አለፍኩ።

ስንወጣ ቢሆነኝ ሸኘኝ። ለሰባቱም እንዳነብ ለመነኝ። «ስለ ዛሬ ብናወራ የሚሰማን አለ» አለ። «ስለ ትናንት ብናወራ እርስ በርሳችን እንጣላለን። ስለ ነገ ግን ማንም መጥቶ አይጠይቀንም።»

ሐምሌ 4

የላቀው ሰባት። የ1972ቱን አነበብኩ። ቡሬ ሳስተምር ለግድግዳ ጋዜጣ የጻፍኩት ነው፤ ታሪኩ የሚሆነው በ2022 ነው። ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ካኪ ይለብሳል። የብረት በሬዎቹ ማኅበር አላቸው፤ በየሳምንቱ የግምገማ ስብሰባ ይደረግላቸዋል። የሚካኤል ዕለት ያርሳሉ። ሙዚየሙ ውስጥ ቃሬዛው ላይ «የፊውዳሉ ሥርዓት ቅሪት» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። እዚህ ጋ ሽማግሌዎቹ ሳቁ፤ ወጣቶቹ ምን እንዳሳቃቸው አልገባቸውም።

«ካኪውን ማን ሸጠው?» አለች ናዚፋ ከጥግ።

ወደ ማብቂያው ዝናቡ ሰማዩን ዘጋው። የድንኳኑ አምፖልም ጠፋ። እኔ ንባቤን አላቋረጥኩም። ሰዉ ፀጥ አለ፤ ሳል እንኳ አልተሰማም። በሥራ ዘመኔ ሁሉ እንዲህ ያለ አድማጭ አልገጠመኝም። ስጨርስ ናዚፋ መጥታ ክንዴን ያዘችና፣ «ልሸኝዎት» አለችኝ። ጨለማ ትፈራለች መሰለኝ።

ሐምሌ 5

ከአጥር ወዲያ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ።

«በጨለማ እኮ ነው ያነበቡት። አንዲት ቃል አልሳቱም።»

«ድሮ የተማረ ሰው እንዲህ ነው» አለች ሌላዋ።

ትክክል ነው።

ሐምሌ 9

አሥራ ሁለቱ። ላቀው በማጉያው ያነበበውን የ1990ውን ወረቀት ምስጥ በልቶታል፤ የቀረው ርዕሱና የገጽ ቁጥሮቹ ናቸው። እንደማስታውሰው ተናገርኩት። ዘመኑ 2040 ነው፤ ከሩቅ ዘመን የመጣ መንገደኛ ከተማውን ይጎበኛል። በሬው በኮምፒዩተር ይታዘዛል፤ በዓል ሲሆን እንዲያርስ ወይም እንዳያርስ ባለቤቱ ቁልፍ ተጭኖ ይመርጣል። ቄሱ ይህን አልወደዱትም። ሙዚየሙ ውስጥ ቃሬዛው ራሱ የለም፤ ሥዕሉ ነው ያለው።

መጨረሻው ላይ ስደርስ እህተ ማርያም፣ «እንዲህ አልነበረም» አለች።

እንዴት ነበር አልኳት።

«ላቀው በማጉያው ሲያነበው እንዲህ አልነበረም። ከሩቅ ዘመን የመጣው መንገደኛ ከተማውን ሁሉ ያሳዩታል አይደል? ሕንፃውን፣ ሙዚየሙን። ደግሞ ምን ልናሳይህ ሲሉት፣ ‹ሁሉንም አይቻለሁ፤ አውቶቡሱ ስንት ሰዓት ነው የሚነሳው?› ይላል።»

አስታወስኩት። ያን ቀን ተማሪው ሁሉ ሜዳ ላይ ቆሞ ሳቀ። እኔ ያልጻፍኩትን ጨምሮ በማጉያ አነበበብኝ ብዬ ለብዙ ጊዜ ሰላምታ ነፈግሁት።

«ይህን እያለ ማታ ማታ ይስቅ ነበር» አለች እህተ ማርያም። ምኑ እንደሚያስቅ ጠየቅኋት። «አልነገረኝም። ብቻ ይስቃል።»

ለአርባው አዲስ እጽፋለሁ ብዬ ቃል ገባሁላት። በሰው ፊት ነው የገባሁት።

ሐምሌ 16

ጠብታው አለቀ። መድኃኒት ቤቶቹ መንገዱ እስኪከፈት ጠብቁ ይላሉ። ናዚፋ የወንድሟን ልጅ አብዱረህማንን ቡሬ ድረስ በእግሩ ልካ አንድ ጠርሙስ አስመጣችልኝ። አልጠየቅኋትም ነበር። አመሰገንኳት። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ፊደል እንዲህ አሳንሶ የሚያትም ሰው ለማን ብሎ እንደሚያትም እንጃ።

ስለ አዲሱ ታሪክ አስባለሁ፤ አልመጣልኝም። በ1962 የወደፊቱ ዘመን ዕቃ ነበረው። በ1972 ስብሰባ ነበረው። በ1990 ቁልፍ ነበረው። ከውጭ ተተርጉመው ያነበብኳቸው የሳይንስ ልቦለዶችም እንደኔው ናቸው፤ ልጅ ሳለሁ የተጻፉት ወደ ከዋክብት ይሄዱ ነበር፣ በኋላ የመጡት ውኃ ፍለጋ ይዞራሉ። ድሮ ጥፋተኛው ደራሲው ይመስለኝ ነበር፤ የማሰብ አቅሙ የደከመ።

እኔ ግን አልደከምኩም። የደከመው ብርሃኑ ነው።

ሐምሌ 22

ገና ሳይነጋ አንዷለም የቤቴን በር መታ። «አክስቴ፣ ይነሱ። መንገዱ ለዛሬ ተከፍቷል ብለዋል።»

ሻንጣዬ ከሰኔ ጀምሮ ዝግጁ ነው። ነገር ግን ለአርባው ቃል ገብቻለሁ፤ ታሪኩም አልተጻፈም። ቃል ገብቶ መቅረት ተማሪዎቼን አላስተማርኩም። ደግሞ ውጭው ዝናብ ነበር።

«ዓይንዎስ?» አለኝ።

«ዓይኔ የትም አይሄድም።»

«ይሄዳል እንጂ አክስቴ» አለ።

ትንሽ ቆሞ ጠበቀኝ። ከዚያ ሞተሩን አስነሳ።

ማታ ወሬ መጣ። አንዷለም ቡሬ ገብቷል፤ መንገዱም ከኋላው ተዘግቷል። ከቡሬ ወደ ባሕር ዳር አልፎ አልፎ መኪና ያልፋል አሉ፤ ዝጉ ከዚህ እስከ ቡሬ ያለው ነው። አውቶቡሱ እዚያ ቆሟል ማለት ነው። እዚያም እያጠበው ይሆናል።

ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ ስንቀሳቀስ ባልዲው አደናቀፈኝ። ዕቃውን መንገድ ላይ ትቶ መሄድ የዚህ ልጅ የቆየ ጠባይ ነው።

ሐምሌ 27

ምንም አልጻፍኩም። ጉልበቴ ያበጠው ከባልዲው ነው።

ነሐሴ 2

ፍልሰታ ገብቷል። ናዚፋ መጣችና ደብተሩን ተመለከተች።

«እትዬ ባንቺ፣ መስመር ላይ መስመር ጽፈዋል።»

«ወረቀት መቆጠብ ነው» አልኳት። «በዚህ ጊዜ ወረቀት ውድ ነው።»

ብዕሩን ከእጄ ወሰደች። ከዚያ፣ «ታሪኩን ይበሉኝና እኔ ልጻፈው፤ እርስዎ ያስባሉ፣ እኔ እጽፋለሁ» አለች። ፊደሏ ዛሬም ወደ ግራ ያዘነብላል፤ ያኔም አልተቃናላትም። ጊዜው ስላጠረ ፈቀድኩላት።

አጭር ሆነ። ናዚፋ «ይኸው ነው?» አለች። ይኸው ነው አልኳት። ጨርቅ ቤት ካልገባበት አልጽፍም አለች። አስገባሁላት።

ነሐሴ 7

የላቀው አርባ። ድንኳን አልነበረም፤ ቤት ውስጥ ነው የተቀመጥነው። ሽሮና ስልጆ። ናዚፋ የጻፈችውን ወረቀት ያዝኩና ቆሜ አነበብኩ። እንዲህ ይላል፦

«በ2067 ዓ.ም. አንድ ሰው ፍኖተ ሰላም ላይ ማለዳ ይነሳል። ፊቱን ይታጠባል። ወደ መናኸሪያ ሄዶ አውቶቡሱ ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ይጠይቃል፤ ይነግሩታል፤ ባሉት ሰዓት ይነሳል። ቡሬ ላይ ወርዶ ሻይ ይጠጣል። ረፋዱ ላይ ባሕር ዳር ይገባል። ሐኪም ዓይኑን ታየዋለች። ሲመለስ ከአንድ ጨርቅ ቤት ነጠላ ይገዛል፤ ባለሱቋ የናዚፋ የልጅ ልጅ ናት። የሚካኤል ዕለት ስለሆነ በመንገዱ ግራና ቀኝ በሬዎቹ አርፈዋል፤ በሬዎቹ በሬዎች ናቸው። ማታ ቤቱ ይገባል። የት ነበርክ ብሎ የጠየቀው የለም።»

ተቀመጥኩ። ቢሆነኝ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ይህስ ተጋነነ» አለ።

«እኔ የብረቱን በሬ አምኜ ነበር» አለ አንዱ ከኋላ።

«በመንገድ ላይ ማንም አላስቆመውም?» አሉ ቄሱ።

«ማንም።»

«መታወቂያ እንኳ?»

«መታወቂያም።»

«ኧረ መምህርት» አሉ።

እህተ ማርያም ስለ አውቶቡሱ ሰዓት ምንም አላለችም። ስትስቅ ግን ሰማኋት፤ ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያው ነው።

ከዚያ ቢሆነኝ፣ «ሙዚየሙን ግን አላነበቡልንም። ቃሬዛው የት ገባ?» አለኝ።

«በዚህኛው የለም።»

«ለምን?»

ረሳሁት አልኩ። ድርሰት ውስጥ ረስቼ አላውቅም።

«እንግዲያ ገና ሙዚየም አልገባም ማለት ነው» አለ። «እድሩ ቤት ነው ያለው። እኔ ነኝ ቁልፉን የያዝኩት።»

ናዚፋ አጠገቤ ነበረች። «ዓይኑን ሐኪም የምታየው ሰውዬ ስም የለውም?» አለችኝ፣ ቤቱ እንዲሰማ አድርጋ።

«የለውም። ልቦለድ ነው።»

«እኔ አውቀዋለሁ» አለች።

ነሐሴ 8

ጠዋት የእድሩ ወንዶች መጡ። ከባሕር ዛፍ እንጨትና ከጠፍር የተሠራውን የእድሩን ቃሬዛ ደጃፌ ላይ አሳረፉት። ድምፁን አወቅሁት።

እግሬ ጤነኛ ነው አልኳቸው። እስከ ቡሬ መሄድ ካስፈለገ በእግሬ እሄዳለሁ።

«በእግሩ የሚሄድን ሰው ወዴት ነህ ይሉታል» አለ ቢሆነኝ። «የታመመ የተሸከመን ሰው ግን ማንም ወዴት ነህ ብሎ አያውቅም። ይለፍ ነው የሚባለው። በየትኛውም ወገን።»

«ጤነኛ ሰው ቃሬዛ ላይ መተኛት ነውር ነው።»

«እንግዲያ» አለች ናዚፋ፣ «ከዚያው ሆነው የለበስኩት ምን ዓይነት ቀለም እንደሆነ ይንገሩኝ።»

«አረንጓዴ» አልኩ። ናዚፋ ሁልጊዜ አረንጓዴ ነው የምትለብሰው።

የመለሰልኝ የለም። ዝም ካሉ ትክክል ነው ማለት ነው። ከዚያ እህተ ማርያም ማልቀስ ጀመረች።

ቃሬዛ ላይ ወጥቶ የተመለሰ ሰው አላውቅም አልኳቸው።

«እኔስ?» አለ ቢሆነኝ። «አምና ትርፍ አንጀት ይዞኝ በዚህችው ነው ሆስፒታል ያደረሱኝ። ይኸው ቆሜ ከእርስዎ ጋር እከራከራለሁ።»

አዎ፣ ረስቼው ነበር። ያኔ ልጠይቀው ሄጄ ሙዝ ወስጄለታለሁ። በቃሬዛ መሄዱን ግን አላሰብኩትም፤ ያሰብኩት የሐኪሙን ሥራ ብቻ ነበር።

ነገ ዝግጅት፤ ከነገ ወዲያ ጉዞ። ይህን ገጽ ናዚፋ አንብባ አንድ መስመር ሁለት ጊዜ ጽፈዋል ብላኛለች። ከዚህ በኋላ የምትጽፈው እሷ ናት።

ነሐሴ 10፣ ቡሬ

ናዚፋ ትጽፋለች፤ እኔ እላለሁ።

ጎህ ሳይቀድ ተነሳን። በአራት በአራት ሆነው እየተቀባበሉ ተሸከሙኝ። አረማመዳቸው አይገጥምም ነበር። ሁላችሁም በቀኝ እግር ጀምሩ አልኳቸው፤ ጀመሩ፤ ተሻለ። ቢሆነኝ፣ «ሙዚየሙ ቀና ብሎ ያስተምራል» አለ። እንዲህ ዓይነቱን ቀልድ መንገዱን ሙሉ ሲቀልዱ ነበር። አንዱ መስተዋቱ እንዳይሰበር ቀስ በሉ ይላል፤ ሌላው አልጋ ነው፣ የለም መሰላል ነው እያለ ይከራከራል። ታሪኬን በደንብ አዳምጠው ኖሯል።

ከማሳ ሰዎች ወደ መንገዱ እየወጡ «ምን ሆኑብን?» ይሉ ነበር። ናዚፋ «ዓይን ነው፣ ዓይን ነው» እያለች መለሰችላቸው፤ አለዚያ ሊያለቅሱልኝ ነው። የማያውቁኝ ገበሬዎች ደግሞ ማን ናት ሳይሉ ትከሻቸውን አስገቡ፤ የሚቀጥለው ሰፈር አድርሰውኝ ሞፈራቸውን ወዳቆሙበት ተመለሱ። ማንም አልላካቸውም። የብረት በሬ ስፈለስፍ እነዚህን አልፈለሰፍኳቸውም፤ ስለነበሩ።

መሣሪያ የያዙ ሰዎች ባሉበት ደረስን። ቢሆነኝ እንዳለው ወዴት ናችሁ ያለ የለም። አንዱ ግን ቀረብ ብሎ፣ «ቲቸር?» አለኝ።

«መምህርት በል» አልኩት።

«መምህርት» አለ።

በድምፁ አላወቅሁትም። መሣሪያውን ለባልንጀራው ሰጥቶ አንዱን እጀታ ያዘና እስከሚቀጥለው ወንዝ ድረስ ተሸከመኝ። ምን ክፍል እንዳስተማርኩት አልጠየቅሁትም፤ እሱም አልነገረኝም። በቀኝ እግሩ ነበር የጀመረው።

ቃሬዛ ላይ ሲተኙ የሚታየው ሰማይ ብቻ ነው። ለእኔ ነጭ ነበር። እናቴም ያየችው ይህንኑ ነው ማለት ነው። ይህን አትጻፊ ብያት ነበር፤ ጻፍኩት አለችኝ።

አንዷለም ቡሬ መናኸሪያ ላይ ጠበቀን። አውቶቡሱ የሳሙና ሽታ አለው። «አክስቴ፣ ባሉት ሰዓት ይነሳል» አለኝ።

ነሐሴ 15፣ ባሕር ዳር

ናዚፋ ትጽፋለች።

ኦፕራሲዮኑ ትናንት ተደረገ። ፋሻው ነገ ይፈታል። ሐኪሙ የቻለውን እንዳደረገ፣ ግን ዘግይቼ እንደመጣሁ ተናገረ። ከፍኖተ ሰላም በምን መጡ አለኝ። በቃሬዛ አልኩት። እግሬን ደግሞ መረመረው።

ነገ የሚሆነውን ነገ እናያለን፤ ወይም ናዚፋ ታየዋለች።

ተኝቼ ሳስብ መምህር ወንዳወቅ ያሉን ነገር ተመልሶ መጣብኝ። የሚጠፋውን ዕቃ ፈልጉ ነው ያሉን፤ እኔም ትእዛዝ አክባሪ ስለነበርኩ ዕድሜዬን ሙሉ እሱን ስፈልግ ኖርኩ። የአርባው ታሪክ ስለዚህ ጉድለት አለበት። ናዚፋ ወረቀቱን ይዛው መጥታ ኖሮ አወጣችው። ከመጨረሻው ዓረፍተ ነገር በፊት ይህ ይግባ አልኳት፦

«በ2067 ፍኖተ ሰላም ላይ ሙዚየም አለ፤ ቃሬዛው ግን እዚያ የለም። ቃሬዛው እድሩ ቤት ነው፤ ጠፍሩ በየዓመቱ ይታደሳል። ያስቀመጡት ከበሩ አጠገብ ነው፣ የገባ ሰው በጨለማም ቢሆን እጁን ሲዘረጋ በሚያገኘው በኩል።»

ናዚፋ ጽፋ ጨረሰችና፣ «እና ጨርቁን፣ ቃሬዛው ላይ የሚነጠፈውን፣ ማን ሸጠው?» አለችኝ።

ጻፊው አልኳት።